የታችኛው ማሳ አጥንት

አቴና ዳር ባለችው በመኒዲ ሽንኩርት ለመትከል እንኳ ሁለቴ ማሰብ ያስፈልጋል። አንድ ክንድ ስትቆፍር ግድግዳ ታገኛለህ፤ ሁለት ክንድ ስትቆፍር ሰው ታገኛለህ። ያ ሰው ደግሞ ክርስቶስ ሳይወለድ የሞተ ስለሆነ ከአንተ የበለጠ መብት አለው። እሱን በብሩሽ ይጠርጉታል፣ ፎቶ ያነሱታል፣ ፀሐይ እንዳይመታው ዳስ ይጥሉለታል፤ አንተ ግን ግቢህ በገመድ ታጥሮ በገዛ በርህ በጎን እየተሽሎከሎክህ ትገባለህ። ለቀደሙት አባቶቻችን ክብር ይግባቸውና፣ እኔን አሲሚናን እንደነሱ አንጀቴን ያሳረረው ሰው የለም።

ስለዚህ የሰፈራችን ሕግ አንዲት ናት። ቆፍረህ ካየህ፣ አላየህም። ሲሚንቶህን ታቦካለህ፣ ታፈሳለህ፣ ከዚያ በኋላ ሆድ ይፍጀው ነው። ይህን ሕግ የጣሰችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ጥጉ ላይ ያለችው መበለት። የዋህ ናትና መሠረት ስታስቆፍር የተጠረበ ድንጋይ ብታይ፣ ስልክ አንስታ የቅርስ ሰዎችን ጠራች። ይኸው ስንት ዓመቷ፤ ግንባታው ታግዶ ቤቷ አራት ምሰሶና የርግብ ኩስ ነው። የሷን ዕጣ አይቶ ሐቀኛ የሚሆን ሰው ከኛ ሰፈር አይወጣም።

እኔ የፈለግሁት ሽንት ቤት ነው። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ካገባሁ ጀምሮ ጉድጓዳችን በሞላ ቁጥር መጣጩ መኪና እየመጣ፣ ሰፈሩ በሙሉ አፍንጫውን ይዞ «ዛሬ ደግሞ የነአሲሚና ተራ ነው» ሲል ኖሬያለሁ። በዚያ ዓመት አቴና ለኦሎምፒክ ስትኳኳል ለኛም ፍርፋሪው ደረሰንና የፍሳሽ መስመር በመንገዳችን አለፈ። የቀረው ግቢውን ቆፍሮ ከቤታችን እስከ መንገዱ ቱቦ መቅበር ብቻ ነበር። ባሌ መሌቲስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ መንገድ ላይ አንበሳ፣ ቤት ሲገባ የሶፋ ትራስ። «ነገ፣ ነገ» እያለ ክረምቱን በሙሉ በላው።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ቱቦው መቼ ነው የሚቀበረው?»

«እትዬ ዲያማንቶ ከቤት ሲወጡ ነዋ።»

እዚህ ላይ እንኳ አልዋሸም።

እትዬ ዲያማንቶ የባሌ አክስት ናቸው። ቤቱም ግቢውም የሳቸው ነው፤ ታች እሳቸው፣ ላይ እኛ እንኖራለን። ሌላው ሰው ሲቆፍር ይደበቃል፤ እሳቸው ግን የዶማ ድምፅ ከሰሙ ወንበራቸውን አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጡና ቁልቁል ያያሉ። ሠራተኛው ቢቆጣ፣ ባለቤቱ ቢለምን፣ ንቅንቅ የለም። «ወንድሜን ነው የምጠብቀው» ነው የሚሉት።

ወንድማቸው ስታማቲስ ጀርመኖች አገራችንን በያዙበት ዘመን ሲሮጥ ተመትቶ የወደቀ ልጅ ነው፤ ጢሙ ገና በቅጡ አልበቀለም ነበር። ሁለት የመንደሩ ሰዎች ወታደሮቹ ሳይመለሱ ሬሳውን አንስተው፣ ታችኛው ማሳ ውስጥ ወይራዎቹ መሐል በጥድፊያ ቀበሩት። «ታችኛው ማሳ ነው፣ አይዟችሁ፣ ነገሩ ሲበርድ እናሳያችኋለን» ብለው ለእናቱ መልእክት ላኩላት። ነገሩ ሳይበርድ እነሱም ተገደሉ። ታችኛው ማሳ ማለት እንግዲህ የዛሬው ሰፈራችን ነው። ወይራው ተቆረጠ፣ መሬቱ ተሸነሸነ፣ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው ሁሉ እየገዛ ቤት ቀለሰበት። እትዬ ዲያማንቶም ሲያገቡ ይዘውት እንዲሄዱ የተሰጣቸውን የወይን እርሻ ሸጠው እዚሁ ቦታ ገዙ። አላገቡም። ስለ ትዳር ያነሳባቸው ሰው «እኔ ባል ቤት ከገባሁ እሱን ማን ያጥበዋል?» የሚል መልስ ነው የሚያገኘው።

በኛ ዘንድ ሙት እስከ ዘለዓለም አፈር ውስጥ አይተውም። በሦስት ዓመቱ ይወጣል፤ አጥንቱን ዘመድ በወይን ጠጅ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ ስሙ በተጻፈበት ሳጥን ያኖረዋል። እትዬ ዲያማንቶ አባታቸውን አጥበዋል፣ እናታቸውን አጥበዋል፣ የባሌን አባት አጥበዋል። የቀራቸው አንድ ሰው ነው። ልባቸው እየደከመ ነበር፤ ሐኪሙም ደረጃ እንዳይወጡ ከልክሏቸዋል። «እሱን ሳላጥብ ብሞት፣ እናቴን እዚያ ላይ ምን ብዬ ላያት ነው?» ይሉኛል፣ እጄን ጨብጠው። ሽንት ቤቱ በሚገነፍል ቤት ውስጥ ቆመሽ ለዚህ ምን ትመልሻለሽ? እጅሽን ታስለቅቂና ወደ ባልዲሽ ትመለሻለሽ።

ታዲያ ሰፈሩ ይፈራቸዋል። አጥንት ካዩ ይጮሃሉ፤ ከጮሁ የቅርስ ሰዎች ይሰማሉ፤ ከዚያ አራት ምሰሶና ርግብ። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚቆፍረው እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቆ ነው። እኛም የመረጥነው ከጰራቅሊጦስ በፊት ያለችውን የሙታን ቅዳሜ ነበር። በዚያ ቀን እትዬ ዲያማንቶ ስንዴውን ቀቅለው፣ ዘቢብና ስኳር ነስንሰው፣ የሙታን ንፍሯቸውን በሳህን ይዘው በጠዋት ይወጣሉ፤ የሙታኑ ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች።

ቆፋሪው ባሌ ነበር። አለቃው ግን የአጥር ጎረቤታችን አናርጊሮስ ነው። ግንበኛ ነው፤ የሰፈሩን ግማሽ ሲሚንቶ ያፈሰሰው እሱ ነው፣ ምክር ሲሰጥም እንደ ጳጳስ ነው።

«ቶሎ በል እንጂ መሌቲስ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ቱቦው መግባት አለበት።»

«ዶማ ያዝና አግዘኝ እንጂ! ምላስህን ብቻ ነው እንዴ ይዘህ የመጣኸው?»

«እኔ ሲሚንቶ ነኝ፣ አንተ ዶማ ነህ። ሥራ አናቀላቅል።»

«ድንቄም ሥራ!»

የሎሚዋን ዛፍ እንዳለፈ ዶማው የጣሪያ ሸክላ መታ። ሸክላው ሲነሳ ከሥሩ ጭንቅላት ብቅ አለ፤ ቡናማ፣ ወደ ጎን ያዘነበለ፣ ጥርሱ እንዳለ። ሦስታችንም አየነው። አናርጊሮስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ወደኔ ዞረ።

«አሲሚና፣ ያየሽው ነገር አለ?»

«የለም።»

«መሌቲስ?»

«ምኑን?»

«ተባረኩ። በሉ ውኃ አቀብሉኝ» አለና ሲሚንቶውን ማቡካት ጀመረ።

ሁለት አካፋ እንኳ ሳያገላብጥ የውጭው በር ተንቋረረ። ቄሱ አባ ሴራፊም ጉሮሯቸውን አሟቸው ጸሎቱን አሳጥረውት ኖሯል። ወይ ዕድሌ! በዓመት አንድ ቀን የሚታመም ጉሮሮ በኔ ሽንት ቤት ቀን! እትዬ ዲያማንቶ ሳህናቸውን እንደያዙ ግቢው መሐል ቆመው፣ አንዴ እኛን፣ አንዴ ጉድጓዱን አዩ።

«ያዢልኝ» ብለው ሳህኑን ሰጡኝ።

ደረጃ እንዳይወጡ የተከለከሉ ሴትዮ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በባሌ ትከሻ ተደግፈው ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። ተንበረከኩና በአውራ ጣታቸው ከግንባሩ ላይ አፈሩን ጠረጉለት።

«ስታማቲስ» አሉ። «አንተ ልጅ፣ እዚሁ ነበርክ?»

አናርጊሮስ አካፋውን ጣለ። «እትዬ ዲያማንቶ፣ እሱ አይደለም። ይሄ የጥንት ነው። ይውጡ በእናትዎ፣ ልብዎ ይታመማል።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«እዚህ አገር እኮ አጥንት ሁሉ የጥንት ነው።»

«ወንድሜም አጥንት ሆኗል። የጥንት ግን አይደለም» አሉት። ከዚያ ወደኔ ቀና ብለው «ሳፋ አምጪ» አሉኝ።

ሳፋው የኔ ነው፤ ልብስ የማጥብበት። ወይኑ የባሌ ነው፤ ዓመት ሙሉ የሚያሽሞነሙነው በርሜሉ። አንሶላው ደግሞ ለሠርጌ እናቴ የጠለፈችልኝ፣ እኔ እንኳ ያልተኛሁበት። ሁሉንም ወሰዱ፤ እኔም ሰጠሁ። ምን ልበል? መሌቲስ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ «በኮምጣጤው ብናጥበውስ?» ቢላቸው፣ ያዩት አስተያየት ጠላቴንም አይግጠመው። እያንዳንዷን አጥንት በሁለት እጃቸው ወይን ውስጥ እየነከሩ፣ ጣት ጣቷን ሳይቀር እያሹ፣ አንሶላው ላይ ደረደሯቸው። እያጠቡም የዘመኑን ወሬ ሁሉ ነገሩት። «በቅሏ ሞተች፣ በሽምግልና ነው፣ አትዘን። ንጉሡም ሄደ። ታናሽህ አግብቶ ወለደ፤ ይሄ ፈዛዛ የሱ ልጅ ነው» ይሉታል፣ በአገጫቸው ባሌን እያሳዩ። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳሬ እትዬ ዲያማንቶ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። በዚያን ቀን ሳቁ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ሽንቴ መጣና እንደገና ተናደድኩ።

ምክንያቱም ቁፋሮው ቆመ። ቱቦው ግቢው ውስጥ እንደተጋደመ፣ የድሮው ጉድጓድ እንደሞላ፣ እስከ ጰራቅሊጦስ ማግስት፣ እስከ መንፈስ ቅዱስ ሰኞ ድረስ ሽንት ቤት የሌለን ሰዎች ሆንን። የመንደሩ ሰው በዓል ነው፣ ቤቱ ነው፤ ስለዚህ እትዬ ዲያማንቶ ጸሎቱን ለሰኞ ቀጠሩ፣ ቄሱን ጠሩ፣ ሳጥን ገዙ፣ በሳጥኑ ላይም የስታማቲስን ስም አስጻፉ። እኛ በመሐሉ በተራ አናርጊሮስ ቤት እየሄድን ሽንት ቤት እንለምናለን። እሱም ያ ሁሉ ጨዋታው የት እንደገባ እንጃ፤ በሩን ይከፍታል፣ ዓይኔን አያይም።

«ምን ሆነሃል? ሰለቸንህ?»

«ምንም አልሆንኩ። ሶፍቱ መስኮቱ ላይ ነው።»

«እትዬ ዲያማንቶን አንድ በላቸው እንጂ፤ አንተን ይሰማሉ።»

«እኔን? እኔን አይስሙኝ!» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። የሽንት ቤቱን ወለል ስለረገጥንበት የተናደደ መሰለኝ።

ሰኞ ግቢው በሰው ሞላ። ጥቁር የለበሰው፣ ለንፍሮው የመጣው፣ ለወሬው የመጣው፣ ሁሉም አለ። አባ ሴራፊም ጉሮሯቸው ድኖላቸው፣ ጥናቸውን እያወዛወዙ «የአገልጋይህን የስታማቲስን ነፍስ» ሲሉ እትዬ ዲያማንቶ ከሳጥኑ አጠገብ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንድም እንባ የለም። ሥራውን የጨረሰ ሰው ፊት ነበር። ንፍሮው እየታደለ ሳለ በር ላይ መኪና ቆመና አንዲት ልጅ ገባች፤ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ፣ ጫማዋ አፈር የለበሰ። ስሟ ሚርሲኒ ነው። ከቅርስ ሰዎች ነች። ማን እንደደወለላት እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ብናውቅማ ኖሮ!

ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ያንን አልክድም። ሰላምታ ሰጠችና ቀጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። አፈሩን በእጇ ጫር ጫር ስታደርግ ትንሽ የዘይት ማሰሮ አወጣች። ሸክላዎቹን አገላበጠች። ከዚያ ወደ ሳጥኑ መጥታ፣ እትዬ ዲያማንቶን አስፈቅዳ፣ ጎንበስ አለችና አሸተተች።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ወይን ጠጅ ነዋ» አልኳት።

«ለምን?»

«ታጥቦ ነዋ! ታዲያ ሰው በውኃ ይታጠባል?»

ልጅቱ «የሚጠናውን ሁሉ አጥባችሁታል!» ብላ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። እሷ ስታዝን እኔ ደግሞ ተናደድኩ፤ የባሌ ወይን ምን ጎደለውና ነው? ትንሽ ቆይታ ትንፋሿን ሰበሰበችና ወደ እትዬ ዲያማንቶ ዞረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግቢው ግን ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማ።

«እማማ፣ ይህ መቃብር ሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት ሆኖታል። ሸክላው፣ ማሰሮው፣ ሁሉም የዚያ ዘመን ነው። እና ደግሞ... ሴት ናት።»

«ሴት?» ያሉት አባ ሴራፊም ናቸው።

«ሴት ናት አባ። የዳሌዋን አጥንት ይመልከቱ።»

አባ ዳሌ ለማየት አልፈለጉም። «እኔ እኮ አገልጋይህ ስታማቲስ ብዬ ነው የጸለይኩት! ለአረመኔ! ለሴት!» ብለው ጥናቸውን አስቀመጡ። መሌቲስ፣ ይሄ የማይረባ፣ ሳቁ አመለጠው። ጎኑን በክርኔ ስለው ንፍሮው ትን አለው።

እትዬ ዲያማንቶ ወንበር ሲያቀርቡላቸው ተቀመጡ። እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ ጣታቸው አሁንም ከወይኑ እንደጠቆረ ነበር።

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ?»

«እርግጠኛ ነኝ እማማ። በጣም ይቅርታ።»

«ደህና» አሉ። «ንጹሕ ናት፤ ውሰጃት። ሳጥኑን ግን ተዪልኝ።»

በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ። ጥፋቱ የልጅቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን የቀረበችኝ እሷ ነበረች። «አንቺ!» አልኳት። «ለሁለት ሺህ ዓመት ሙት ከአቴና ድረስ በመኪና ትመጫለሽ! የኚህን ሴትዮ ወንድም የሚፈልግ ግን አንድ ሰው መጥቶ ያውቃል? እሱ አይቆጠርም? ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት አነሰው? ሁለት ሺህ እስኪሞላው ይጠብቅ?»

«ተያት አሲሚና» አሉ እትዬ ዲያማንቶ። «እሷ ቢያንስ ያየችውን ትናገራለች።»

ከወንበሩ ተነሱና ግቢውን የሞላውን ሰው በሙሉ አንድ በአንድ አዩት።

«የኔስ የት ነው?» አሉ። «ሁላችሁም እዚህ ማሳ ላይ ቆፍራችኋል። ሁላችሁም የቆፈራችሁት እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነው። የማላውቅ ይመስላችኋል? ለሙታኔ ንፍሮ ይዤ ሄጄ ስመለስ የየቤቱ ሲሚንቶ ገና እርጥብ ነው። ምንም አልኳችሁ? አላልኩም፤ ልጅ አላችሁ፣ ቤት ያስፈልጋችኋል አልኩ። አሁን ግን ልቤ እየደከመ ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ጥንቶቹ ጫማ የላቸውም፤ በስብሶ አልቋል። ወንድሜ ጫማ ነበረው። ጫማ ያለው ሰው ያየ የለም?»

ሁሉም ሰው ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። ያ ሁሉ አፍ፣ በየበረንዳው ተቀምጦ ስለ እኔ ሽንት ቤት የሚያወራው አፍ፣ አንድም ቃል አላወጣም። አንዷ ዘቢብ ትለቅም ጀመር። አንዱ ሰዓቱን አየ። እኔ ፊታቸውን ሳይ ምን ያህል ሲሚንቶ ላይ እንደምንኖር ያን ጊዜ ገባኝ።

አናርጊሮስ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ብረት ነበረው» አለ።

«ምኑ?»

«ጫማው እትዬ። ተረከዙ ላይ። እንደ ፈረስ ኮቴ የተጠማዘዘች ትንሽ ብረት።»

እኔ አፌን ያዝኩ። ሦስት ቀን ሙሉ የሱን ሽንት ቤት ስጠቀም እኮ ነው!

«መቼ ነው ያየኸው?» አሉት እትዬ ዲያማንቶ።

«ያኔ ወታደሮቹ፣ ኮሎኔሎቹ፣ አገሩን በሚገዙ ጊዜ። ከአባቴ ጋር ጋራዡን ስንቆፍር። ለአባቴ የማን እንደሆነ ነገርኩት፤ ሁላችንም እናውቅ ነበር እትዬ። እሱ ግን፣ ‹ይሄ ልጅ ጫካ ገብተው ጀርመንን ከሚወጉት ጋር ነበር፤ የኮሚኒስት ሬሳ አወጣችሁ ብለው ሁለታችንንም ይወስዱናል› አለኝ። ገና ወጣት ነበርኩ። ያን ዕለት አፈሰስንበት።»

«ኮሎኔሎቹ እኮ ሄዱ!» ብዬ ጮህኩ። «ከሄዱ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው! ከዚያስ ምን ያዘህ?»

«ከዚያማ ምሰሶው ቆሞ ነበር አሲሚና። ሁለት ፎቅ ላዩ ላይ ነው። የልጄ ቤት ላዩ ላይ ነው። ዛሬ ነገ እላለሁ፤ እሳቸው የፋሲካ ዳቦ በአጥሩ ላይ ሲያቀብሉኝ ደግሞ ቃሉ ከአፌ አይወጣም። ምን ብዬ ልጀምር? አንቺስ ብትሆኚ ምን ብለሽ ትጀምሪያለሽ?»

እትዬ ዲያማንቶ ወደሱ ሄዱ። በጥፊ የሚሉት መስሎን መሌቲስ ሁሉ መንገድ ለቀቀ። አናርጊሮስም ጉንጩን አዘጋጅቶ ቆሟል። እሳቸው ግን አጠገቡ ደርሰው ቆሙና፦

«ጭንቅላቱ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ወደ መንገዱ በኩል።»

«እግሩ?»

«በግድግዳው በኩል። ምሰሶው ያለው እዚያ ነው።»

«መኪናህን አውጣ» አሉት። ለኔ ደግሞ «የተረፈውን ወይን ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

የጋራዡ በር ሲከፈት ያቺ አሮጌ ዳትሰን መኪናው ቆማለች። አናርጊሮስ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ቢፈልገው አያገኘውም። በመጨረሻ ባሌና ሁለት ጎረቤቶች ገፍተው አወጧት። ከሥሯ የነበረው ሲሚንቶ በዘይት የጠቆረ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የሞተር ዘይት ሲቀይር የኖረው እዚያ ላይ ነው። ዓይኑን አየሁት፤ እሱም ዘይቱን እያየ ነበር። ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፤ የሚበቃው ስድብ አጣሁለት። እኔ ስድብ ሳጣ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

የቅርሷ ልጅ ሚርሲኒ ከኋላ ቆማ «ሕጋዊ መንገድ አለ፤ መሐንዲስ ጠርተን ምሰሶውን...» ብላ ጀመረች። እትዬ ዲያማንቶ ዞር ብለው «ልጄ፣ እኔ ያን ያህል ጊዜ የለኝም» አሏት።

ከዚያ ተንበረከኩ። ወይኑን ካመጣሁበት ድስት በእፍኛቸው እየቀዱ በመንገዱ በኩል፣ ጭንቅላቱ ነው በተባለበት ቦታ አፈሰሱ። በመዳፋቸው ሲሚንቶውን ያሹት ጀመር። ዘይቱ አይለቅም። ያሻሉ፣ ያፈሳሉ፣ ያሻሉ። ሻካራው ወለል መዳፋቸውን ላጠው። አባ ሴራፊም ደጃፉ ላይ ጥናቸውን ይዘው እየተወዛወዙ «አሁንስ እርግጠኞች ናችሁ? ደግሞ ሴት እንዳይሆን» ብለው ሲያንሾካሹኩ፣ «አባ፣ ይጸልዩ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ቄስ ላይ ጮህኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እሳቸውም ጸለዩ።

ሮጬ ቤት ገብቼ የልብስ ብሩሼን አመጣሁ። «እትዬ፣ ይነሱ። ልብዎን ያስቡ። እኔ አጥበዋለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው በላብ ርሷል።

«አንቺ ዘመዱ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ እንጂ» አልኩ።

«እንግዲያው አብረን ነው የምናጥበው። አንቺ ከእግሩ በኩል ጀምሪ።»

በጀርመኖች ዘመን የመኒዲ ወንድ ግማሹ ተረከዙ ላይ ብረት የሚያስመታ እንደነበር እኔም ሰምቻለሁ፤ ያቺ ብረት የሌላ ሰው ልትሆን እንደምትችል እሳቸውማ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ቀሚሴን ሰብስቤ ምሰሶው ሥር ተንበረከክሁና ከእግሩ በኩል ማጠብ ጀመርኩ።